የጅላንፎው ወንበር

እኛ አገር መዝገበ ቃላት መጽሐፍ ሳይሆን ሰው ነው። ከሌላ አገር የሚመጣ እንግዳ ይህ ስለማይገባው አስቀድሜ ልናገረው። ክብደት ላለው ቃል ሁሉ አንድ ናሙና ይሾምለታል። ናሙናው ረቡዕ ረቡዕ ቃል ቤት በሚባለው መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ በተዘጋጀለት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ትርጉም ከተጨቃጨቁ ሄደው ናሙናውን ያዩና ተስማምተው ይመለሳሉ። "ቁጡ" ለሚለው ቃል የተሾመው ጡረተኛ እስካሁን አራት ወንበር ሰብሯል፤ ስለዚህ በዚያ ቃል ላይ ክርክር ተነሥቶ አያውቅም። "ትዕግሥተኛ" የተባለችው ወይዘሮ የምትቀመጠው ከእሱ አጠገብ ነው።

ስለ ሞኝነት ከሆነ ቋንቋችን ድሃ አይደለም። ተላላ ማለት መጠንቀቅ የረሳ ነው። ሞኝ ሌላ ሰው ያታለለው ነው። ጅል ማንም ሳይደርስበት ራሱን ያታለለ ሲሆን፣ ቂል ደግሞ ያንኑ ነገር በሳምንቱ የደገመ ነው። ሁሉም የየራሳቸው ናሙና አላቸው፤ እንዲያውም ለ"ሞኝ" ብቁ የሆነው ሰው ስለበዛ ናሙናው በየወሩ ይቀያየራል። ከሁሉም በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ጅላንፎ አለ። የቃል ቤቱ መዝገብ እንዲህ ይላል፦ "ጅላንፎ፦ ዓይኑ እያየ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ የገዛ ጥቅሙን አውጥቶ የጣለ፣ ቢጠየቅም የማይጸጸት።" ከዚህ በላይ ሞኝነት የለም። ቢኖርም ቃል የለንም።

ለሠላሳ አንድ ዓመት የጅላንፎ ናሙና ሆኖ የኖረው ጋሽ ደስይበለው ነበር። በጎልማሳነቱ የቤቱን በር ሸጦ ጓጉንቸር የገዛ ሰው ነው። ጓጉንቸሩ በጣም ጥሩ ጓጉንቸር እንደነበረ ያዩት ሁሉ ይመሰክራሉ። የሚቆልፈው በር ስለሌለው በእጁ ይዞት ደጃፉ ላይ ቁጭ ይል ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ሌባ ገብቶብኝ አያውቅም እያለም ይኮራ ነበር። ባለፈው ሐምሌ በሰላም አረፈ። ቀብሩ ላይ የከተማው ሰው አለቀሰ፤ ጥቂቱ ለሰውየው፣ ብዙው ለቃሉ።

ምክንያቱም ናሙና የሌለውን ቃል በአፍ ማውጣት ክልክል ነው። በየግድግዳው ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ "ቦታው እስኪሞላ ድረስ ነዋሪዎች 'በጣም ሞኝ' በሚለው እንድትገለገሉ እናሳስባለን።" ችግሩ የታወቀው ያኔ ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው ነገሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚጨርሱበት ቃል ያጡና ተፋጠው ይቀራሉ። ኳስ ሜዳ ላይ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ "በጣም፣ በጣም ሞኝ ነህ" ሲለው፣ ዳኛው ያመሰገኑት መስሎት እጁን አወዛወዘላቸው። እኔ ራሴ በዚያ ሰሞን ከአንድ ቆርቆሮ መቺ ጋር የጀመርኩት ጠብ እስከ ዛሬ አላለቀም።

አዲስ ናሙና የመፈለግ ግዴታ ያለበት መዝጋቢው አቶ አንለይ ነበር። አቶ አንለይ ጎረቤቴ ነው። ቃል ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ኮቱን በጋም ክረምትም አያወልቅም፤ የመሥሪያ ቤቱን ብዕር በደረት ኪሱ ሰክቶ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሣለታል። ደንቡ የሚሰጠው አርባ ቀን ነው። በአርባ ቀን ውስጥ ሰው ካላገኘ ብዕሩን ያስረክባል። ለሚስቱ ለወይዘሮ ይታይሽ እንዳጫወታት፣ የሚፈራው ደመወዙን አልነበረም። ያለ ብዕሩ ማን እንደሚነሣለት አያውቅም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ለፍቷል። አንድ ሰው የተቀቀለ እንቁላል ዶሮ እንዳሳቀፈ ሰምቶ ሁለት ሰዓት በእግሩ ሄደ፤ ሰውየው ግን ያን ቀን ጠጥቶ ነበር፤ ስካር ደግሞ እንደ አስገዳጅ ስለሚቆጠር ውድቅ ሆነ። ሌላዋ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የቀረ አውቶቡስ በየቀኑ መንገድ ዳር ቆማ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። በሁሉም መስፈርት አልፋ፣ ፊርማ ብቻ ሲቀራት አውቶቡሱ መጣ። ተሳፍራ ስትሄድ በመስኮት እጇን አውጥታ ተሰናበተችው።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አቶ አንለይ እንደ ወትሮው ጀሪካኑን ይዞ ውሃ ወረፋ ቆመ። የከተማችን ቧንቧ ሁለት ዓመት ሆኖታል ጠብታ ከወረደው፤ የሚመለከታቸው ክፍሎች ቧንቧው ዕረፍት ላይ ነው ይላሉ። ወንዙ በገደል ቁልቁል አንድ ሰዓት ያስኬዳል። የምንቀዳው ከፍራሽ አዳሹ ከጋሽ ዘርጋው ጉድጓድ ነው። ጋሽ ዘርጋው ቧንቧው በጠፋ ሰሞን ግቢው ውስጥ ቆፍሮ አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ውሃ አገኘ። በማግስቱ አጥሩን ነቀለና ወደ ቤቱ አስጠግቶ ተከለው፤ ጉድጓዱ ከአጥሩ ውጭ፣ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ሳያንኳኳ ይቀዳል።

ያን ቀን አቶ አንለይ ዞር ሲል ጋሽ ዘርጋው ባልዲውን ይዞ ከኋላው ቆሟል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አብረው ቆመዋል፤ ነገሩ ለአቶ አንለይ የታየው ግን ገና አሁን ነው።

"ጋሽ ዘርጋው፣ ይኼ ጉድጓድ ያንተ አይደለም እንዴ?" አለው።

"የቆፈርኩትስ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ አጥሩን ለምን ወደ ውስጥ አስገባኸው?"

"በር ማንኳኳት የሚያፍር ሰው አለ። ባዶ እንስራ ይዞ ደጄ ቆሞ የተመለሰ በዓይኔ አየሁ።"

"እሱስ ይሁን። አንተ ራስህ ለምን ወረፋ ትይዛለህ?"

ጋሽ ዘርጋው ጥያቄው አልገባውም። በባልዲው ሰልፉን እያመለከተ፣ "ሰው ቀድሞኝ መጥቶ የለ?" አለ።

ቆጭቶት ያውቅ እንደሆነ አቶ አንለይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው። ጋሽ ዘርጋው ምኑ ነው የሚቆጨኝ ብሎ መልሶ ጠየቀ። አቶ አንለይ መስፈርቶቹን በጣቱ ቆጠረ። ዓይኑ እያየ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ጥቅሙን አውጥቶ የጣለ፣ የማይጸጸት። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ ከመዝገቡ ጋር እንዲህ ልክክ ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅም። ጀሪካኑን ሞልቶ ጋሽ ዘርጋውን አመሰገነና በቀጥታ ወደ ቃል ቤት ሄዶ የእጩነቱን ወረቀት ጻፈ። የጻፈውም ከዚያው ከጋሽ ዘርጋው ውሃ እየተጎነጨ ነው።

ቤት ገብቶ ለወይዘሮ ይታይሽ ሲያበስራት ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ልጣ ጨረሰች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ የናሙናው ሥራ ይታገዳል የሚለው ደንብ አለ ወይስ ተሽሯል?

አለ። አቶ አንለይ በቃሉ ነው የሚያውቀው። ጅላንፎ ሆኖ የተሾመ ሰው በየወሩ አንድ ቁና ጤፍ ይሰፈርለታል፤ በምትኩ ምስክርነቱ አይሰማም፣ እድር ላይ ድምፅ አይኖረውም፣ ሰላምታውም የሚመለሰው በአንገት ብቻ ነው። ለሹመት ያበቃው ሥራ ደግሞ በማግስቱ ይታገዳል። ሥራው ከቀጠለ ሰው ይለምደዋል፤ ሰው የለመደው ነገር ሞኝነት መምሰሉ ይቀራል፤ ያኔ ቃሉ ይሟሟል የሚል ሥጋት አለ። ለጋሽ ደስይበለው እንኳ በሹመቱ ማግስት መንግሥት አዲስ በር ገጥሞለት ነበር። እንግዲህ የጋሽ ዘርጋው አጥር ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል፤ በሩም ይቆለፋል ማለት ነው። አቶ አንለይ ይህን ሁሉ እያወቀ አላሰበውም ነበር።

ወይዘሮ ይታይሽ ተነሥታ ሌላ ባዶ ጀሪካን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። "ከረቡዕ በኋላ ወንዝ የምትወርደው አንተ ነህ። ጉልበትህን ከአሁኑ አለማምደው" አለችው።

ውሃው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ አቶ አንለይ ጋደም ሲል ፍራሹ ጎረበጠው። ፍራሹ ምንም አልሆነም፤ ባለፈው ክረምት ጋሽ ዘርጋው ሳይጠየቅ ወስዶ፣ ጥጡን ነድፎ፣ አሳምሮ ሰፍቶ የመለሰለት ፍራሽ ነው። ከሹመቱ በኋላ የጋሽ ዘርጋውን ሰላምታ በአንገት የሚመልሰውን የመጀመሪያ ሰው አሰበ። እሱ ራሱ ነው፤ መዝጋቢው መጀመር አለበት ይላል ደንቡ። አፈረ። ብቻውን ሆኖ እንዲህ አፍሮ አያውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ዋናው ቃል መዛኝ ወደ አቶ ልሳነወርቅ ገብቶ ወረቀቱን ልሰርዝ አለ። አቶ ልሳነወርቅ ባለ ወፍራም መነጽር፣ ለማንም ክፉ የማይመኝ፣ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። በቃል ቤት ብዕር ወደ ኋላ አይሄድም ብሎ መለሰለት። አቶ አንለይ ጌታዬ፣ እርስዎም የሚጠጡት ከዚያው ጉድጓድ ነው አለው። አቶ ልሳነወርቅ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ አንሥቶ በብርሃን አየው፣ ትንሽ አሰበና ጠጣው። ከዚያም ጸሐፊውን ጠርቶ ከሹመቱ በፊት የተቀዳ ውሃ ምንም ዓይነት ጅላንፎነት እንደሌለበት የሚገልጽ ማስታወቂያ አስለጠፈ።

ማክሰኞ ወረፋው ኮረብታውን ዞሮ ታየ። በርሜል የመጣበት ቤት ነበር፤ የልጅ ገንዳና የጠላ ጋን ያመጡም ነበሩ። ጋሽ ዘርጋው መጨረሻ ላይ ቆሞ ተራው ሲደርስ ጉድጓዱ ደፈራርሶ ነበር። ግማሽ ባልዲ ጭቃማ ውሃ አወጣ። ነገ ይጠራል ብሎ ተመስገን እያለ ገባ።

ይህን ያየ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ለእጩ የሚደረገው ሥነ ሥርዓት የታወቀ ነው፤ እጩው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ነዋሪ ሁሉ ተራ በተራ ከፊቱ ቆሞ "እኔ እንደዚህ ሰው አይደለሁም" ብሎ ይፈርማል። አንድ ሰው እንኳ እምቢ ካለ እጩው ይሰናበታል። ስለዚህ ጉድጓዱን ለማዳን የሚያስፈልገው አንድ ሰው ነበር። ችግሩ እምቢ ማለት እኔም እንደሱ ነኝ ማለት መሆኑ ነው። ከተማው ሁሉ አንድ ሰው እምቢ እንደሚል እርግጠኛ ስለነበር ሁሉም በሰላም ሰነበተ።

ረቡዕ አርባኛው ቀን ነበር። ጋሽ ዘርጋው ነጠላውን አጣፍቶ በሰዓቱ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ምን እንደሚጠብቀው አልተደበቀም፤ አቶ አንለይ ራሱ፣ ዓይኑን ሳያይ፣ አንብቦለታል። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ተሰለፈ። አቶ ልሳነወርቅ ደወሉን ሊመታ ሲል ጋሽ ዘርጋው ሰልፉን አየ፣ ከወንበሩ ተነሣ፣ ሄዶም መጨረሻ ላይ ቆመ።

ሁለት ዘበኞች ክንዱን ይዘው መለሱት። ተቀመጠ። ዘወር ሲሉ ተነሥቶ ሄዶ ቆመ። በሦስተኛው ጊዜ አቶ ልሳነወርቅ ራሱ መጥቶ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀው። ጋሽ ዘርጋው ሰው ሁሉ ቆሞ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ እመጣለሁ አለ። ልመናም ቁጣም አልሠራም። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሰልፍ አይሄድም፤ ደንብ ነው። ሰልፉ ካልሄደ የጋሽ ዘርጋው ተራ አይደርስም። አቶ ልሳነወርቅ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር።

አቶ አንለይ መዝገቡን ታቅፎ ወንበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ውሃ ወረፋ ላይ ልማዳችን የታወቀ ነው፤ አንድ ሰው ጉዳይ ሲኖረው ሌላው ቦታ ይይዝለታል። አቶ አንለይ መዝገቡን ለጸሐፊው አቀበለ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ የጅላንፎው ወንበር ላይም ተቀመጠ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለው አቶ ልሳነወርቅ።

"ቦታ ልይዝለት ነው ጌታዬ።"

"ሰው የሚፈርመው ወንበሩ ላይ ባገኘው ላይ መሆኑን ታውቃለህ?"

"አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለ አቶ አንለይ።

ከዚህ በላይ የሚጠየቅ ስላልነበረ ደወሉ ተመታ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሃያ ስድስት ዓመት ከመቀመጫው ሲነሣለት የኖረ ሰው ሁሉ ፊቱ እየቆመ እንደሱ አለመሆኑን ነገረው። አንዳንዱ ቶሎ ብሎ፣ አንዳንዱ ጫማውን እያየ። ቆርቆሮ መቺው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው ያለው። አቶ አንለይ ለእያንዳንዱ እግዜር ይስጥልኝ እያለ መለሰ። መጀመሪያ ላይ ጆሮው ቀልቶ ነበር፤ ከመቶኛው ሰው በኋላ ግን ፊቱ እየለሰለሰ መጣ።

ወይዘሮ ይታይሽ ተራዋ ሲደርስ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። "እኔ እንደዚህ ሰው አይደለሁም" አለች፤ ቀጥላም "ሚስቱ ነኝ" አለች። አቶ ልሳነወርቅ የመጨረሻው ክፍል መዝገብ እንዳይገባ አዘዘ።

ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ፈረመ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ዘርጋው ባዶ ባልዲውን ይዞ ደረሰ፤ ሰልፍ ያለ ባልዲ ቆሞ ስለማያውቅ ሳያስበው ይዞት መጥቷል። አቶ ልሳነወርቅ በትህትና አስረዳው፤ ቃሉን ቢል ነገሩ ያልቃል፣ ወንበሩ ለአቶ አንለይ ይጸናል፣ ጉድጓዱም አይነካም። ጋሽ ዘርጋው አቶ አንለይን አየው።

"ለኔ ቦታ ይዞ ነው የተቀመጠው?" ሲል ጠየቀ።

"አዎን።"

"እንግዲያ እንደሱ አይደለሁም ብዬ አልዋሽም። እኔም ለሰው ቦታ እይዛለሁ።"

አቶ ልሳነወርቅ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ። አንድ ሰው እምቢ ብሏል፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ያለው ተሰናብቷል። እምቢ ያለውም እንደ ጅላንፎ ነኝ ብሏል እንዳይባል፣ የተሾመ ጅላንፎ የለም፤ የሌለን ሰው መምሰል ደግሞ አይቻልም። በዚያ ቀን መዝገብ በእጩነት ስማቸው የገባ ሁለቱም ሰዎች ዳግም እንዳይታጩ ደንቡ ይከለክላል። አቶ አንለይ ከወንበሩ ተነሥቶ ብዕሩን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከግቢው ሲወጣ ማንም ከመቀመጫው አልተነሣለትም፤ ሁላችንም ቆመን ነበር።

ቃሉ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። አዲሱ መዝጋቢ አርባ ቀኑን በየጊዜው ያሳድሳል። ማስታወቂያው ፀሐይ አደብዝዞት "በጣም" የሚለው ብቻ ቀርቷል። ወንበሩ እዚያ ቆሞ ከሚበላሽ ተብሎ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቆሞ የደከመው እንዲያርፍበት ነው፤ እስካሁን ግን የደከመው ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት ጋሽ ዘርጋውና አቶ አንለይ ወረፋው መጨረሻ ላይ አንተ ቅደም፣ አይ አንተ ቅደም ሲባባሉ እሰማለሁ።

ከጠየቃችሁኝ፣ እኔም ያን ቀን ሰልፉ ላይ ነበርኩ፤ መቶ አርባ ሰባተኛ። አንድ ሰው እምቢ ቢል እንደሚበቃ አውቅ ነበር፤ ከኋላዬ ካሉት አንዱ ይለዋል ብዬ ነበር። "እኔ እንደዚህ ሰው አይደለሁም" አልኩ፤ ድምፄ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ፊርማዬም ያምራል። በማግስቱ ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ውሃው ጠርቷል። ቶሎ ለመሄድ እየተጣደፍኩ ስቀዳ ጋሽ ዘርጋው ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

"ቀስ ብለህ ቅዳ ልጄ" አለኝ። "እኔ አልቸኩልም።"